«ጨፋሪዎች» ለሚሏችሁ ስፖርተኞች ምን ይመለስ?

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። አሥር ሴቶችና አራት ወንዶች ሆነን የትምህርት ቤታችንን የቺርሊዲንግ (በጩኸት፣ በዝላይና ሰው በማንሳት ቡድንን የመደገፍ ስፖርት) ቡድን አቋቁመናል። የእግር ኳስና የሩጫ ልጆች ግን «ጨፋሪዎች» ይሉናል፤ ሜዳ ሲፈልጉ ያስነሱናል፤ ወንዶቻችን ላይ ደግሞ ይብስባቸዋል። ከመሃላችን «ለወላጆች ቀን ባለ ሦስት ፎቅ ፒራሚድ ሠርተን አፋቸውን እናዘጋ» የሚሉ አሉ። ምን ብናደርግ ያከብሩናል?

ምላሽ፦ እህቴ፣ ከፒራሚዱ ልጀምር፤ ሌላው ይደርሳል፣ እሱ ግን ቀን ተቆርጦለታል። አትሥሩት። ትከሻ ላይ በቆመ ሰው ትከሻ ላይ የምትቆም ልጅ እግሯ ብቻ ከመሬት ከ2.5 ሜትር በላይ ይርቃል፤ ራሷ ወደ 4 ሜትር ይጠጋል። ቺርሊዲንግ በተወለደበት በአሜሪካ እንኳ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ደንብ ፒራሚድ ከሁለት ሰው ከፍታ እንዲያልፍ አይፈቅድም፤ ሰው ወደ ላይ ወርውሮ መቅለብንም በጠንካራ ወለል ላይ ይከለክላል። የእናንተ ሜዳ ደግሞ ከጥር ወዲያ እርጥበቱ ሲጠፋ ከሲሚንቶ ብዙም አይሻልም። «ሰርከሶቹ ይሠሩት የለም ወይ?» ትሉ ይሆናል። ይሠሩታል፤ ሰርከስ ደብረ ብርሃንን ያየ ያውቃል። የሰርከስ ልጆች ግን ፒራሚድ ላይ ከመውጣታቸው በፊት መውደቅን ራሱን ተምረው ነው፣ ያውም ለዓመታት። ከእነሱ መውሰድ ያለባችሁ ይህንኑ ነው። አንድ አሠልጣኝ ለሁለት ሳምንት መጥቶ መንከባለልን፣ ጉልበት አጥፎ ማረፍንና ሲወድቁ እጅን ወደ ኋላ ዘርግቶ አለመመርኮዝን ቢያስተምራችሁ ከማንኛውም ፒራሚድ ይበልጥባችኋል።

ስሌቱም አያዋጣም። ፒራሚዱ ከተሳካ ለአንድ ሳምንት ይወራል። ከፈረሰ አንዲት ልጅ ትጎዳለች፤ ቡድኑም በማግስቱ ይዘጋል።

«ስፖርት ነው፣ አይደለም» የሚለው ሙግት ውስጥም ብዙ አትግቡ። ለራሳችሁ ግን ታሪኩን እወቁት። በ1898 እ.ኤ.አ. በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ጆኒ ካምቤል የተባለ ተማሪ በአሜሪካ እግር ኳስ ጨዋታ ላይ ተመልካቹ ፊት ቆሞ ጩኸቱን ማስተባበር ጀመረ። ከዚያ በኋላ ከሃያ ዓመታት በላይ የወንዶች ሥራ ሆኖ ቆየ፤ ሴቶች በዚያው ዩኒቨርሲቲ የገቡት በ1920ዎቹ ነው። በወንዶቻችሁ ላይ ለሚያሾፍ ይህቺ ትበቃዋለች። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴም የቺርሊዲንግ ዓለም አቀፍ ማኅበርን በ2016 እ.ኤ.አ. በጊዜያዊነት፣ በ2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ በሙሉ ዕውቅና ተቀብሎታል። ዕውቅና ማግኘት ግን በኦሊምፒክ ሜዳሊያ ይሰጥበታል ማለት አይደለምና እንደዚያ ብላችሁ አትናገሩ። በአንድ የተጋነነ ወሬ ከተያዛችሁ እውነቱንም አያምኗችሁም።

ስፖርተኛ የሚያከብረው የሚለካ ነገር ነው። ሯጩ በሰዓት ይለካል፣ ኳስ ተጫዋቹ በጎል። እናንተ እስካሁን በምንም ስላልተለካችሁ ከጭፈራ የሚለያችሁ ነገር አይታያቸውም። ስለዚህ የሰውነት ማጎልመሻ መምህራችሁን ጠይቁና በየአራት ሳምንቱ አንድ ቀን ይለኩአችሁ፦ ፑሽ አፕ ሳያርፉ፣ ፕላንክ (በክርንና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት) በሰከንድ፣ ከቆሙበት ወደ ፊት መዝለል በሳንቲ ሜትር፣ እግር ዘርግቶ ተቀምጦ ወደ ጣት መድረስ፣ ከዚያም የ20 ሜትር ምልልስ ሩጫ። የሚለካው መምህሩ ይሁን፤ ራሳችሁ የጻፋችሁትን ቁጥር ማንም አያምንም። ኳስ ተጫዋቾቹና ሯጮቹም በዚያው ቀን፣ በዚያው መስፈርት እንዲለኩ አድርጉ፤ ውጤቱ በአንድ ወረቀት ተጽፎ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። በምልልስ ሩጫው ሯጮቹ ያሸንፏችኋል፤ ያሸንፉ። በፕላንክና በመተጣጠፍ በደንብ ከሠራችሁ እናንተ ትበልጣላችሁ። የተሸነፋችሁበትን ቁጥር ሳትደብቁ መለጠፋችሁ ራሱ ካሸነፋችሁበት ያላነሰ ያስከብራችኋል።

ሌላው የሚገባቸው ቋንቋ ድካም ነው። የውድድር ቺርሊዲንግ አንድ ሙሉ ትርኢት ብዙውን ጊዜ እስከ 2 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ይወስዳል። የትምህርት ቤት ልጅ 800 ሜትር የሚሮጥበት ጊዜ ያህል ማለት ነው፤ ሰውነትንም የሚያሰቃየው በተመሳሳይ መንገድ ነው፣ እየዘለሉ፣ ሰው እያነሱ፣ እየጮሁ። ደብረ ብርሃን ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ነች፤ ትንፋሽ ቶሎ አይመለስም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ሙሉውን አትሞክሩ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የ45 ሰከንድ ቁራጭ ሠርታችሁ 90 ሰከንድ እረፉ። በአምስተኛው ሳምንት ሙሉውን አንድ ጊዜ፣ በሰባተኛው ሁለት ጊዜ፣ በመካከሉ 5 ደቂቃ ዕረፍት እየወሰዳችሁ። ሰው ማንሳት የሚጠይቀው ክፍል ሁልጊዜ በመጀመሪያው ደቂቃ ውስጥ ይግባ። ጀማሪ ቡድኖች ለድምቀት ብለው መጨረሻ ላይ ያስቀምጡታል፤ አደጋው የሚደርሰውም ያኔ ነው፣ የተሸካሚዎቹ ጭን ሲዝል።

የሳምንቱ ልምምድ ሦስት ቀን፣ በቀን 75 ደቂቃ ይበቃል፦ 20 ደቂቃ ማሟሟቅ፣ 15 ደቂቃ ጉልበት፣ 25 ደቂቃ ማንሳት፣ 10 ደቂቃ ድምፅና እንቅስቃሴ፣ 5 ደቂቃ ማቀዝቀዝ። ማሟሟቂያውን ያስረዘምኩት ለብርዱ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ አለ፤ ያንሸራትታል፣ ጡንቻውም አይታዘዝም። በእነዚያ ወራት ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ማንም ሰው ማንንም አያንሳ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ደግሞ ጀርባችሁን ለነፋሱ ሰጥታችሁ ሥሩ፤ ላይ የቆመችን ልጅ ከፊት የሚመታ ነፋስ ወደ ኋላ ያስቀምጣታል።

አሁን ወደ ማንሳቱ። ከታች ያለውን ተሸካሚ፣ የምትቆመዋን ወጪ፣ ከኋላ ያለውን ጠባቂ እያልኩ እቀጥላለሁ። ማንም ወደ ማንሳት ከመግባቱ በፊት የሚያልፈው በር ይኑር። ተሸካሚ፦ ተረከዙ ሳይነሳ 25 ስኳት (ቁጭ ብድግ)፣ 60 ሰከንድ ፕላንክ፣ ወገቡ ሳይወርድ ቢያንስ 10 ፑሽ አፕ። ወጪ፦ በአንድ እግር 30 ሰከንድ ሳትወዛወዝ መቆም፣ 60 ሰከንድ ፕላንክ። ወጪን በቀላልነቷ ብቻ መምረጥ የተለመደ ስህተት ነው። ሰውነቷን አጥብቃ የያዘች የ50 ኪሎ ልጅ፣ እንደ እርጥብ ጆንያ ከምትላላ የ42 ኪሎ ልጅ ይልቅ ትቀላለች። ጠባቂ ደግሞ ከሁሉም ረጅሙና የማይደነግጠው ይሁን። ብዙ ቡድኖች ጠባቂ የሚያደርጉት ሌላ ሥራ ያጡለትን ልጅ ነው፤ በእኔ ግምት ከሦስቱ ሥራዎች ሁሉ ብርቱ ሰው የሚፈልገው ይህ ነው።

የመጀመሪያው ማንሳት ጭን ላይ መቆም ነው። ለብዙ ወራት ከዚህ ማለፍ የለባችሁም፤ በደንብ ሲሠራም ከምትገምቱት በላይ ያምራል።

1. ሁለት ተሸካሚዎች ጎን ለጎን ይቆሙና እያንዳንዳቸው አንድ እግር ወደ ውጭ ከፍተው ሰፊ እርምጃ ይይዛሉ። ወደ መሃል ያለው ጉልበት ይታጠፋል፣ የውጪው እግር ቀጥ ይላል፤ የመሃል እግሮቻቸው ጎን ለጎን ይነካካሉ። የታጠፈው ጉልበት ከጫማው ጫፍ አይለፍ።

2. ወጪ ከኋላቸው ቆማ እጆቿን ትከሻቸው ላይ ታሳርፋለች። ጠባቂ ከኋላዋ ወገቧን በሁለት እጁ ይይዛል።

3. ቁጥር በስምንት ይቆጠራል፤ የሚቆጥረው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ጠባቂው። በ1 እና 2 ቀኝ እግሯን የቀኙ ተሸካሚ ጭን ላይ ታሳርፋለች። ቦታው ጭን ከዳሌ የሚገናኝበት እጥፋት ነው እንጂ የጭን መሃል ወይም ጉልበት አይደለም። መሃሉ ላይ ከረገጠች ተሸካሚው ያመዋል፣ ጉልበቱ ይከፈታል፣ ሁለቱም ይወርዳሉ።

4. በ3 እና 4 ቀኝ እግሯን ቀጥ አድርጋ ትነሳለች። መዝለል የለም፤ ደረጃ እንደመውጣት ነው። ተሸካሚው በመሃል በኩል ባለው ክንዱ እግሯን ከጉልበቷ ከፍ ብሎ ከኋላ አቅፎ ወደ ደረቱ ያስጠጋዋል፤ በሌላው እጁ የጫማዋን ጫፍ ከታች ይደግፋል።

5. በ5 እና 6 ግራ እግሯ ይከተላል። በ7 እና 8 ሁለቱም ጉልበት ተቆልፎ፣ መቀመጫና ሆድ ጠብቆ፣ ዓይን ከፊት ባለ አንድ ነገር ላይ ተተክሎ ቀጥ ትላለች። እጅ የሚነሳው ከዚህ በኋላ ነው።

6. መውረድም ይቆጠራል። ተሸካሚዎቹ በአንድ እጃቸው እጇን፣ በሌላው ብብቷን ይይዛሉ፤ እሷ ወደ ፊት ረግጣ ጉልበቷን አጥፋ ታርፋለች። ጠባቂ እግሯ መሬት እስኪነካ ወገቧን አይለቅም።

የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ከሁለት ምክንያቶች በአንዱ ነው። ወጪዋ ወደ ታች ታይና ዳሌዋ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ወይም ከሥር የሆነ ሰው ይስቃል። መሳቅ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ሆድ ሲላላ ግን ወገብ አብሮ ይላላል። ማንሳት ሲጀመር ከቆጣሪው በቀር ማንም እንዳይናገር ደንብ አውጡ። «ውረድ» የሚለውን ቃል ግን ማንም ቢሆን መጮህ ይችላል፤ ሲሰማ ያለ ክርክር ይወረዳል። ኳስ ተጫዋቾቹ ይህን ጸጥታ አንድ ቀን ቆመው ቢያዩት ስለ «ጭፈራው» ያላቸው ሐሳብ ይለወጣል። ልምምዳችሁን ከክፍል ጀርባ አትደብቁት።

ለወለሉ የተሻለው 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጥቅጥቅ ስፖንጅ በሸራ ተሰፍቶ ነው። የአልጋ ፍራሽ በጣም ይለሰልሳል፣ ቁርጭምጭሚት ያጥፋል። ጭድ የተሞላ ጆንያ ደግሞ ይከፋፈልና እግር በመሃሉ ይገባል። ምንም ካልተገኘ ሣር ያለበትን ቦታ ምረጡና ድንጋይና ስባሪ ጠርሙስ ልቀሙ። ትከሻ ድረስ ማንሳት ጥቅጥቁ ስፖንጅና የሠለጠነ አሠልጣኝ እስኪኖር ይቆይ።

ሳልረሳው፦ ቀለበት፣ የጆሮ ጌጥ፣ የፀጉር ስፒል ይወልቃል፣ ጥፍር ይቆረጣል፣ ሹሩባ ወደ ኋላ ይታሰራል። ማተብ ግን ፍቱ ብትሉ ማንም እሺ አይልም፤ ደግሞም አያስፈልግም። መስቀሉ ወደ ውስጥ ገብቶ በፕላስተር ደረት ላይ ይለጠፍ፣ የሚንጠለጠል ነገር ብቻ እንዳይኖር። ልብስ ቱታ ይሁን። የወላጅ ቅሬታ ከሚያስነሳ አጭር ልብስ ይልቅ አንድ ዓይነት ቱታና አንድ ዓይነት ሸራ ጫማ የቡድን መልክ ይሰጣል፤ ተሸካሚም ጨርቅ ላይ እጁ አይንሸራተትም።

ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾም ደግሞ በየቀኑ፣ ከመሃላችሁ ሳይበሉ የሚውሉ አሉ። በረመዳንም እንዲሁ። መሪዋ አንቺ ከሆንሽ ልምምድ ሳይጀመር «ማን አልበላም?» ብለሽ ጠይቂ። ያልበላ ያን ቀን አያነሳም፣ አይነሳም፤ ድምፅና እርምጃ ይለማመዳል። ሦስቱን ቀኖች ሰኞ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ማድረግ ግማሹን ችግር ያቃልላል። ከልምምድ አንድ ሰዓት ተኩል በፊት አንድ ብርጭቆ በሶ ወይም አንድ ጭብጥ ቆሎና ውኃ ጥሩ ነው።

ክብሩ በዋናነት የሚገኘው ግን በጨዋታ ቀን ነው። እዚህ ላይ ብዙ የድጋፍ ቡድን የሚወድቀው ጨዋታውን ስለማያውቅ ነው። የራሳችሁ ልጅ ፍጹም ቅጣት ምት ሊመታ ሲዘጋጅ ዝም በሉ። ተጫዋች ተጎድቶ ከወደቀ፣ የተቃራኒ ቡድንም ቢሆን፣ ተንበርከኩና ጠብቁ። በመረብ ኳስ ዳኛው ከነፋ በኋላ ሰርቭ የሚመታው ልጅ 8 ሰከንድ አለው፤ ፉጨቱ ሲሰማ ድምፃችሁ ይቁም፣ ነጥቡ ሲያልቅ ይቀጥል። ተቃራኒን መስደብ አይፈቀድም፤ ስድቡ የሚከፈለው በሜዳ ውስጥ ባሉት ልጆች እግር ነው።

ለሯጮች ደግሞ የምትቆሙበት ቦታ ወሳኝ ነው። ተመልካች ሁሉ መጨረሻው መስመር አጠገብ ይከማቻል። 1,500 ሜትር በ400 ሜትር ትራክ ላይ ሦስት ዙር ከሦስት ሩብ ነው፤ ሯጭ ፍጥነቱ የሚላላው ብዙ ጊዜ በሦስተኛው ዙር ነው፣ ያውም ማንም በሌለበት በማዶው ቀጥታ መስመር ላይ። እዚያ ቁሙ። አንዳችሁ ሰዓት ይዛችሁ የዙሩን ጊዜ በግልጽ ጥሩለት፣ የቀራችሁት በስሙ ጥሩት። ከውድድሩ በፊት ምን ዓይነት ጊዜ እንደሚፈልግ አሠልጣኙን ጠይቁ። በትክክል የተነገረ አንድ ቁጥር ለሯጭ ከአሥር ጭብጨባ ይበልጠዋል።

ተመልካች የሌላቸውንም አትርሱ፦ የሴቶች መረብ ኳስ፣ የሴቶች ሩጫ፣ የአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ውድድር፣ ጠረጴዛ ቴኒስ። ለወንዶች እግር ኳስ ሕዝቡ ራሱ ይመጣል፤ እነዚህን ግን የሚጠራቸው የለም። ሦስት አራት ጊዜ ከሄዳችሁ «ጨፋሪዎች» ሲባል መጀመሪያ የሚከራከሩላችሁ እነሱ ይሆናሉ። ኳስ ተጫዋች የእናንተን ክርክር ባይሰማ የስፖርተኛ ጓደኛውን ይሰማል።

ጩኸቱን ከውጭ አገር ቪዲዮ አትገልብጡ። አውጪና ተቀባይ የሚባል ነገር እኛ ዘንድ ከጥንት አለ፤ የሸዋ ልጅ ሁሉ በቡሄ ያደገበት ነው። አውጪዋ በአራት ምት አንድ ሐረግ ትላለች፣ ተመልካቹ በአራት ምት ይቀበላል፤ የተቀባዩ ሐረግ ከሦስት ቃል አይብለጥ፣ ሁልጊዜም አንድ ዓይነት ይሁን። ተመልካቹ በሁለተኛው ዙር ካልተቀበለ ሐረጉ ረዝሟል ማለት ነው፤ አሳጥሩት። ድምፅ ከጉሮሮ ሳይሆን ከሆድ፣ ወፍራም ሆኖ ይውጣ። ቀጭን ጩኸት ነፋስ ይወስደዋል፤ በደጋው ደረቅ አየር ደግሞ በሁለት ቀን ድምፅ ይዘጋል። እስክስታ ግቡበት፣ ያምራል፤ ሰው እያነሳችሁ ግን አይሆንም።

ሜዳውን በተመለከተ በጥቅሻና በጭቅጭቅ አትኑሩ። ከመምህራችሁ ጋር ሆናችሁ ለኳስ አሠልጣኙ በጽሑፍ አቅርቡ፦ ከጎል ጀርባ ያለው 10 በ10 ሜትር ቦታ፣ በእነዚህ ሦስት ቀኖች፣ ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት። ሙሉ ሜዳ አትጠይቁ፤ አያስፈልጋችሁም። ከተባለው ሰዓት 5 ደቂቃ ቀድማችሁ ልቀቁ። በወር አንድ ቀን ደግሞ የጋራ ልምምድ ጠይቁ፦ እናንተ ከሯጮቹ ጋር 200 ሜትር ስድስት ጊዜ፣ በመካከሉ 2 ደቂቃ እያረፋችሁ ትሮጣላችሁ፤ እነሱ ከእናንተ ጋር በስምንት ቁጥር እየጮሁ ዝላይ፣ ስኳትና ፕላንክ ይሠራሉ። ሁሉም ይደክማል፤ ጥሩ ነው። ያልሠለጠነ ሰው ግን «እስቲ እኔም ላንሳ» ቢላችሁ በፍጹም አትፍቀዱ። 10 ኪሎ አሸዋ በከረጢት አድርጋችሁ ስጡት፤ ከራሱ በላይ ክንዱን ዘርግቶ ለ60 ሰከንድ ይያዘው፣ ጮክ ብሎም ይቁጠር። ይበቃዋል።

ለፌዝ መልስ አትስጡ፤ ወንዶቹም እንዳይሰጡ ተስማሙ። ግን ፌዝና ትንኮሳ ይለያሉ። መነካካት፣ መንገድ መዝጋት፣ በስልክ ቪዲዮ ቀርጾ ማሰራጨት፣ ወንዶቹን በጾታቸው እየሰደቡ መከተል ከመጣ በዚያው ቀን ለዩኒት ሊደሩና ለሥርዓተ ጾታ ክበቡ ይነገር። ቀኑና ቦታው ተጽፎ ይሁን። የቡድኖቹን አምበሎች ግን ለብቻቸው፣ ሰው በሌለበት ማነጋገር የበለጠ ይሠራል፤ ሰው ፊት የተነገረው አምበል ለጓደኞቹ ሲል ይቃወማችኋል።

ጉዳት ላይ ሦስት ነገር ብቻ። ራሱን የተመታ ልጅ «ደህና ነኝ» ቢልም ያን ቀን ወደ ልምምድ አይመለስም፤ ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ ከባሰበት ወይም ነገር ከተምታታበት ወዲያው ሆስፒታል። ቁርጭምጭሚቱ የታጠፈ ልጅ አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው ራጅ ያስፈልገዋል፤ ከዚያ በፊት ወጌሻ እንዳያሸው፣ እንዳይስበው። አንገቱን ወይም ጀርባውን አመመኝ ያለ ልጅ ደግሞ ከወደቀበት አይነሳም፤ ባለሙያ እስኪመጣ ጭንቅላቱን ደግፎ የሚይዝ ሰው ይመደብ። የአንድ ወላጅና የጤና ጣቢያው ስልክ ቁጥር በመምህሩ እጅ ይኑር።

ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ላላችሁ አንባቢዎች ይህ ሁሉ ከአንድ ነገር በቀር ይሠራል። እዚያ ጠላታችሁ ብርድ ሳይሆን ሙቀት ነው። ማሟሟቂያው 10 ደቂቃ ይበቃል፤ ልምምዱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ወይም ከ11 ሰዓት በኋላ ይሁን፤ በየ15 ደቂቃው ውኃ ይጠጣ። ላብ ያረጠበው እጅ ይንሸራተታልና ተሸካሚዎች ፎጣ ይዘው ይምጡ፤ ከእያንዳንዱ ማንሳት በፊትም እጃቸውን ያድርቁ።